ጥር ላይ የማይወርድ ውሃ

ሰርጋችን ጥር ላይ ነው። ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ጥቂት ሳምንታት አገሩ በሙሉ ድንኳን ይተክላል፤ ያልደረሰለት ፋሲካን ጠብቆ በሚያዝያና በግንቦት ይደግሳል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ግን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ የሚወርደው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ሙሽሮች ለጫጉላ ሽርሽር ባሕር ዳር ሲመጡ ውሃው የለም፤ ውሃው ሲመጣ ሙሽሮቹ የሉም። በዚህች ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝና ሌላው ሁሉ ቢረሳኝ ይህ አይረሳኝም። ለሁለት ሰዎች ከተፈጠሩ የዓለም ቦታዎች አንዱ ደጃችን ላይ ነበር። አባከንነው።

«ተፈጥሮ ነው፤ ምን ይደረግ?» የሚሉኝ አሉ። ተፈጥሮ አይደለም። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ክረምቱ ያጎረፈለትን ውሃ በአንዴ አይለቅም፤ ይዞ፣ ቆጥቦ፣ ወር በወር እየቀነሰ ነው ለዓባይ የሚሰጠው። ስለዚህ ድሮ በጥርም ከገደሉ የሚወርድ ውሃ ነበር። የነሐሴን ያህል አያስፈራም፣ የመስከረምን ያህል አይጎርፍም፣ ግን ውሃ ነበር፤ ድምፁ ይሰማ ነበር፤ ሙሽሮች ልብሳቸው በካፊያ ረጥቦ ይመለሱ ነበር። ያንን የወሰደው ሰማይ አይደለም። የሰው ውሳኔ ነው።

ቦታውን ላላዩት ልንገራቸው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ከጢስ ዓባይ መንደር ይደረሳል። መኪናው እዚያው ይቀራል። በእግር ቁልቁል ሲወረድ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የዓላታ የድንጋይ ድልድይ ይገጥማል፤ ድልድዩ ጠባብ ነው፣ ከሥሩ ውሃው በጥልቅ ስንጥቅ ውስጥ ያልፋል። ከድልድዩ ወዲያ ዳገት ነው። ያ ዳገት ለጥንዶች የተሠራ ይመስለኛል። በእኛ አገር አደባባይ ላይ እጅ ለእጅ መያያዝ ዛሬም የሚያሳፍራቸው ብዙዎች ናቸው፤ እዚህ ግን ድንጋዩ ያንሸራትታልና እጅ መስጠት ግድ ነው። ይዟት ይወጣል፤ ጫፍ ሲደርሱም አይለቃትም፤ ማን ምን ይላቸዋል? ዳገቱ ሳያልቅ ድምፁ ይመጣል፣ ቀጥሎ ካፊያው፣ ቀጥሎ ፀሐይ ካለች ቀስተ ደመናው። ከዚያ ፏፏቴው ፊት ለፊት ይቆማል፤ ከፍታው 45 ሜትር ገደማ፣ ሲሞላ ወርዱ እስከ 400 ሜትር።

ይህን ፏፏቴ ያላየ ኢትዮጵያዊ እንኳ በኪሱ ይዞት ኖሯል። የ1 ብር ኖት ጀርባው ጢስ ዓባይ ነበር። ከገበሬው መቀነት እስከ ታክሲ ረዳቱ መዳፍ በየቀኑ ስንት ሚሊዮን ጊዜ ሲለዋወጥ የኖረ ሥዕል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የ1 ብር ሳንቲም ወጣና ኖቱ ቀስ በቀስ ከእጃችን ጠፋ። በዚያው ዓመት ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ሁለቱ ነገሮች ግንኙነት የላቸውም፤ እኔ ግን ለይቼ ማሰብ አቅቶኛል።

የሆነው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ተሠራ፤ 11.4 ሜጋ ዋት። ከፏፏቴው በላይ ጥቂት ውሃ በቦይ ይጠልፍና ከታች ይመልሳል። ከተማዋ መብራት አገኘች፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ሠራ፣ ፏፏቴውም ወረደ። ለአንድ ትውልድ ያህል መብራቱም ውበቱም ሳይጣሉ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ በር ያለው ግድብ ተሠራ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጣና የሚወጣው ውሃ በሰው እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ73 ሜጋ ዋት ሲጨመር ቦዩ የበጋውን ውሃ ጠቅልሎ ያዘው፤ ገደሉ ራቁቱን ቀረ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ጣና በለስ መጣ። ውሃው ከሐይቁ በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ገብቶ ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረወርና 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። የጣና ውሃ በአብዛኛው አሁን የሚሄደው በዚያ በኩል ነው።

መብራት አልጠላም። በኩራዝ ያጠና ልጅ መብራት አይጠላም። የእኔ ቁጭት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ጣና በለስ ሥራ ሲጀምር ከሁለቱ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ድምር ከአምስት እጥፍ በላይ ኃይል መጣ። ያኔ ነበር ዕድሉ። ያኔ የመብራቱ ሰዎች፣ የውሃው ሰዎች፣ የቱሪዝሙ ሰዎችና የጢስ ዓባይ ገበሬዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው «ለፏፏቴው ስንት እንተው? በየትኛው ወር? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት?» ብለው በሕግ መጻፍ ይችሉ ነበር። በሩ በእጃችን ነው። ውሃው ከደጃችን ነው የሚወጣው። ጥር ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ፣ ሚያዝያ ከዳግማ ትንሣኤ ጀምሮ፣ ሌላው ቀን ቢቀር ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ፏፏቴው ይወርዳል የሚል አንድ ወረቀት በቂ ነበር። ሙሽራው ያንን ወረቀት አይቶ የመልሱን ቀን ይቆርጥ ነበር።

ይህ ሕልም እንዳይመስል። ኒያጋራ ላይ ተደርጓል። አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1950 በተፈራረሙት ውል በጎብኚ ወቅት ቀን ቀን በሰከንድ 2,800 ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ በፏፏቴው ላይ እንዲወርድ ወስነዋል፤ በሌሊትና ጎብኚ በማይበዛበት ወቅት ግማሹ ይበቃል። የቀረው ለተርባይን። ሁለቱ አገሮች ከኒያጋራ የሚያገኙት መብራት ከእኛ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ግን ለዓይን የሚቀረውን ውሃ በቁጥር ጻፉት። ኒያጋራ ደግሞ ምን በመባል ነው የሚታወቀው? የሙሽሮች መዲና በመባል። ያ ስም ከውሃው ጋር አብሮ የሚሸጥ መሆኑን ያወቁ ሰዎች ውሉን ጻፉ። እኛ ግን ለዚያች ለጢስ ዓባይ መንደር፣ ከፏፏቴው ሌላ ለሰው የሚያሳዩት ነገር ለሌላቸው ሰዎች፣ ምን ጻፍንላቸው? ፏፏቴው ዛሬ ይወርድ እንደሆነ የሆቴሉን ሰው ብትጠይቁት፣ አስጎብኚውን ብትጠይቁት፣ ባለመኪናውን ብትጠይቁት የሚመልሱላችሁ አንድ ነው፤ «ዕድላችሁ ነው።»

ጥር ላይ እዚያ ጫፍ የሚታየውን ልንገራችሁ። ሙሽራዋ የመልሱን ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ዳገቱን ወጥታለች። ሚዜዎቹ ይስቃሉ። ከዚያ ፊት ለፊት ሲመለከቱ ሰፊ ጥቁር አለት፣ ከአንዱ ጥግ ብቻ የምትወርድ ቀጭን ውሃ። ሳቁ ያቆማል። ፎቶ አንሺው ልምድ አለውና ቶሎ ይንበረከካል፤ ካሜራውን ዝቅ፣ ጥንዶቹን ወደ ግራ፣ «ትንሽ ጠጋ በሉ፣ ራስሽን ወደ እሱ»፣ ያችን ቀጭን ውሃ ከትከሻቸው በላይ አስገብቶ አለቱን ሁሉ ከፎቶው ያስወጣዋል። ጎበዝ ነው፤ ፎቶው ያምራል። ነጠላና ቅል የሚሸጡት ልጆች ከበው ይቆማሉ። ከመካከላቸው አንዷ ሙሽራዋን ለማጽናናት «ክረምት ላይ ተመለሱ፣ ያኔ በጣም ያምራል» ስትላት ሰምቻለሁ። ልጅቱ ከልቧ ነው የምትለው። ግን በክረምት የሚሞሸር ማን አለ? ደግሞስ ሁለተኛ ጊዜ ማን ይሞሸራል?

ከፏፏቴው ወደ ከተማው ልመለስ፤ ኪሳራው እዚያም አለና።

ባሕር ዳር እንደ ብዙዎቹ ከተሞቻችን ገበያ ተከትላ ዝም ብላ የተዘረጋች አይደለችም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀርመናዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ማክስ ጉተር ፕላን ነድፎላታል። ያኔ ጣሊያን በጦር ካሣ የሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር፣ ሶቪየት ኅብረት የሠራችው ፖሊ ቴክኒክ ነበር፣ ንጉሡ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር እስከ መባልም ተደርሷል። ሰፋፊዎቹ መንገዶች፣ በመካከላቸው የተሰለፉት ዘንባባዎች የመጡት ከዚያ ነው። ዛሬም ባሕር ዳር የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚያደንቀው ዘንባባውን ነው። አንድ ከተማ ሐይቅ፣ ወንዝ፣ ኮረብታና ሜዳ አንድ ላይ ተሰጥቶት፣ በዚያ ላይ ባዶ መሬት ላይ በፕላን የመጀመር ዕድል ሲጨመርለት ምን ይባላል? ስንት ከተማ ይህን ያገኛል?

ታዲያ ፍቅረኛሞች ከከተማ የሚፈልጉት ነገር ብዙ አይደለም። ጎን ለጎን የሚራመዱበት ረጅም መንገድ፣ ሲደክማቸው የሚቀመጡበት ጥላ፣ የሚያዩት ነገር፣ ኪሳቸው ሲፈቅድ የሚበሉበት ቤት። ከአራቱ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ጣና በነጻ ሰጥቶናል። ከዳር እስከ ዳር ዋርካና ሾላ ያጠላበት፣ ፔሊካን ውሃው ላይ የሚንሳፈፍበት፣ የደንገል ታንኳ እየቀዘፈ ነጋዴ እንጨት የሚያመጣበት፣ ፀሐይ በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በኩል ስትጠልቅ ውሃው መዳብ የሚሆንበት ዳርቻ። እኛ ግን ዳርቻውን በአጥር ሸነሸንነው። አንዱን ለሆቴል፣ አንዱን ለመሥሪያ ቤት፣ አንዱን ለሎጅ፣ አንዱን ለመዝናኛ። ሐይቁን ተከትላችሁ ለመሄድ ሞክሩ። ጥቂት እንደተራመዳችሁ ግንብ ይገጥማችኋል። ወደ አስፋልቱ ትመለሳላችሁ፤ አስፋልቱን ይዛችሁ ሌላ በር ታገኛላችሁ፤ ትፈተሻላችሁ፤ ትገባላችሁ፤ ውሃውን ለአፍታ ታያላችሁ፤ አስተናጋጅ ይመጣል። «ምን ልታዘዝ?»

የዚህች ከተማ ፍቅረኛሞች እነማን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲው የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪዎች ናቸው። ከአርሲም፣ ከጋሞም፣ ከወሎም የመጡ፣ ወላጅ ከላከላቸው ላይ ቆጥበው ቅዳሜን የሚጠብቁ ልጆች። አንድ ቀን ከሐይቁ ዳር ካሉት መዝናኛዎች በአንዱ ከጎኔ ሁለት ልጆች ተቀምጠው ነበር። አንድ አምቦ ውሃ ለሁለት አዘዋል፤ እሱ ብርጭቆዋን ይሞላል፣ የራሱን ግማሽ ያደርጋል። ጠርሙሱ ሳያልቅ እንዲቆይ በትንሽ በትንሹ ነው የሚጠጡት። አስተናጋጁ መጥቶ ጠረጴዛውን ወለወለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መጥቶ የተወለወለውን ወለወለ። በሦስተኛው ላይ ልጅቱ ቦርሳዋን አነሳች። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ የመጡት ለሷ ነበር። አስተናጋጁን አልወቅሰውም፤ አለቃው ከባንኮኒው ያየዋል፣ ወንበሩ ገቢ ማምጣት አለበት። ግን ከፍለው የማያዩት ጣና በዚህ ከተማ ውስጥ ስንት ሜትር ነው የቀረው?

ስለ ምግቡ ሳልናገር ብቀር የጣና ልጅ አልባልም። ለሁለት ሰው ከዓሣ ጥብስ የተሻለ ምግብ የለም፤ ይህን በድፍረት እናገራለሁ። ቆሮሶው ሙሉውን ነው የሚመጣው፤ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሶ፣ ሎሚና ሚጥሚጣ አጠገቡ ተደርጎ። በሹካ አይበላም። በጣት ሥጋውን ከአጥንቱ እየላቀቁ ነው፤ አጥንቱ ቀጭን ስለሆነ ደግሞ መጠንቀቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ወንዱ መጀመሪያ የሚያደርገው የራሱን መብላት አይደለም፤ ነጩን ሥጋ አጥንት እንዳይኖርበት በጣቱ ፈትሾ በእንጀራ ጠቅልሎ ማጉረስ ነው። ሰው ለሰው ያለውን ስሜት እንደዚህ የሚገልጥ ገበታ ሌላ አላውቅም። ዓሣው ከውሃው በወጣበት ቀን፣ ጫማ አውልቆ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲበላ ደግሞ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ሲኖረን ትልልቆቹ ቤቶቻችን ሙሽሮችን የሚቀበሉት በምንድን ነው? አዲስ አበባም፣ አዳማም፣ ዱባይም ላይ በሚገኝ ክለብ ሳንድዊችና በደረቀ ፓስታ። የዘጌ ቡና በጀልባ ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ ርቀት ላይ በጫካ ውስጥ ይበቅላል፤ ገዳማቱ ሲያለሙት የኖሩት ነው። የዘጌን ቡና በስሙ ጠርቶ፣ ከየት እንደመጣ ነግሮ፣ በረከቦት አቅርቦ ሁለት ፍቅረኛሞችን የሚያስተናግድ ቤት በየጥጉ መኖር ነበረበት።

ደሴቶቹም እንዲሁ። ጣና ላይ ወደ 37 የሚጠጉ ደሴቶች አሉ። ጀልባው ከከተማው ወጥቶ መጀመሪያ ከሚደርስባቸው አንዱ ክብራን ገብርኤል ነው፤ ክብራን ሴት አይገባበትም። ይህ የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ ይከበራል፤ ክርክርም የለኝም። ያበሳጨኝ ጀልባ ነጂው ከመነሳቱ በፊት ለጥንዶቹ አለመናገሩ ነው። ሙሽራው ደሴቱ ላይ ሲወጣ ሙሽራዋ ጀልባው ውስጥ ፀሐይ ላይ ስትጠብቀው ያየሁበት ጊዜ አለ። እዚያው አጠገብ እንጦስ አለ፤ ሴቶችም ይገቡበታል። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለች፤ ከጀልባው ወርደው በቡናው ጫካ ውስጥ ለውስጥ እየተራመዱ ነው የሚደርሱባት፣ ግድግዳዎቿ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ናቸው። ለሁለት ሰው ከዚያ የተሻለ ግማሽ ቀን የለም። ማንን የት መውሰድ እንዳለበት አስቦ የሚመክር አንድ ሰው፣ ወደቡ ላይ የሚሰቀል አንድ ሰሌዳ ቢኖር ያችን ሙሽራ ከዚያ ፀሐይ ያድናት ነበር። ይህን ለማድረግ ዶላር አያስፈልግም፣ ጥናትም አያስፈልግም። አላደረግነውም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ጊዜው ነው። ሰላም ነበረን። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሕር ዳርን የሰላም ከተማ ብሎ ሸልሟታል። በዚያን ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በብስክሌት ከፔዳ እስከ ቀበሌ 4 መሄድ ምንም አልነበረም። እሱ ፔዳሉን ይመታል፣ እሷ ከኋላ ተቀምጣ ጃኬቱን ትይዛለች፤ ዘንባባው ሥር ያለው ነፋስ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ጣና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። አውሮፕላኑ በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለስ ነበር፣ ሆቴሎቹ ለጥምቀት ከወራት በፊት ይሞሉ ነበር፤ ጎንደር ላይ ጥምቀትን ያከበረ ሰው ሁሉ በማግስቱ ወደ እኛ ይወርድ ነበርና። ያኔ አጥሩን ገፋ ማድረግ፣ ዳርቻውን መክፈት፣ የፏፏቴውን የጊዜ ሰሌዳ መጻፍ፣ የቤዛዊትን ኮረብታ ከተማው ሙሉ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያይበት አደባባይ ማድረግ ይቻል ነበር። ቤዛዊት ላይ ሆኖ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ በሜዳው ላይ ሲጠማዘዝ ያላየ ሰው ዓባይን አላየውም። እኛ ግን ጎብኚው በራሱ ሲመጣ ስናይ ሁልጊዜ የሚመጣ መሰለን። ዕድል በር አንኳኩቶ ገብቶ ቤታችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ቡና እንኳ ሳናቀርብለት ሄደ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት ባሕር ዳር ባለችበት በአማራ ክልል ጦርነት ተነሣ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሰዓት እላፊ ተጣለ። ምሽት የፍቅር ግማሽ ነው፤ ምሽቱ ተወሰደ። አስጎብኚዎቹ ሌላ ሥራ ፈለጉ፣ ጀልባዎቹ ታስረው ቆሙ፣ ቅል የሚሸጡት ልጆች የሚሸጡለት ሰው አጡ። ስለ ጦርነቱ ሌሎች ብዙ ይጽፋሉ፤ የሞተው ሰው ባለበት ስለ ሽርሽር ማውራት ለአንዳንዱ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። አይደለም። በዚያ ዳርቻ ላይ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው የሞቱት። እነሱ እኮ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር፤ የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ማታ ማታ መብራቱ ውሃው ላይ ይወርዳል። አሮጌው ድልድይ ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር፤ ወታደር ያባርር ነበር። አዲሱን ሳየው ደስ ብሎኛል፤ ከደስታው እኩል ግን አንጀቴ አረረ። ስንፈልግ እንችላለን ማለት ነው! አስፋልትና ብረት ዘርግተን ሰው በውሃ ላይ ቆሞ ውሃ እንዲያይ ማድረግ እንችላለን። ታዲያ ያ ሁሉ የሰላም ዘመን ምን ይጠብቅ ነበር? ድልድዩ አሥር ዓመት ቀድሞ ቢመጣ፣ ከሱ ሥር ወደ ሰማዕታቱ ሐውልት ግቢ፣ ከዚያም ወደ ሐይቁ ዳር የሚያደርስ አንድ የማይቋረጥ የእግር መንገድ ቢኖር፣ በዚያ ላይ የተራመዱ ስንት ጥንዶች ዛሬ ልጆቻቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር?

ሐዋሳን ተመልከቱ። ሐዋሳ ሐይቋ ከጣና ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ግን ከተማዋ ሐይቁ እንዳያጥለቀልቃት የሠራችውን የአፈር ግድብ የእግር መንገድ አደረገችው። ሰው በምሽት ይወጣል፣ ጎን ለጎን ይራመዳል፣ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ ሄዶ ዓሣውን ይበላል። መንገዱ የሚጀምርበትን ሰፈር ደግሞ ፍቅር ሐይቅ ይሉታል። ቀናሁባት። ከጎርፍ መከላከያ ፍቅር ማውጣት የቻለ ከተማ አለ፤ እኛ ከፍቅር ዳርቻ ግንብ አወጣን።

ባለፈው የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ሰርጓ ጥር ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። «ጋሼ» አለችኝ፣ «የጫጉላውን አገራችን እናድርገው ብለን አስበናል። እሱ ባሕር ዳርን አይቶ አያውቅም። ፏፏቴውን እንዲያይ፣ ከሐይቁ ዳር እንድንቀመጥ። አንተ ታውቃለህ፣ ምን ትመክረናለህ?»

ልጅቱን አዝዬ ነው ያሳደግኋት። የመጀመሪያ ዓሣዋን ያጎረስኳት እኔ ነኝ፤ አጥንቱን ለቅሜ። ባልሽን ይዘሽ ነይ፣ ሻንጣሽን እኔ ቤት አስቀምጪና ሐይቁን ተከትላችሁ ሂዱ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ጥር ላይ የሚያገኙትን አለት አሰብኩ፤ መንገዱን አሰብኩ፣ ኬላውን አሰብኩ፣ የሚገጥማቸውን ግንብ አሰብኩ።

«ሐዋሳ ሂዱ» አልኳት።

ዝም አለች። «ጋሼ፣ አንተ ነህ እንዲህ የምትለኝ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። የሆቴሉን ዋጋ፣ የአውቶቡሱን ሰዓት ነገርኳት፤ ፍቅር ሐይቅ ላይ ከ11 ሰዓት በፊት እንዲደርሱም አደራ አልኳት።